ሕመሙ ሳይመጣ የተሞላ ቅጽ

ለተመላላሽ ሕክምና ክፍል ኃላፊዎች፣ ለአንጀትና ፊንጢጣ ሐኪሞች፣ እንዲሁም የታካሚ እርካታን ለሚለኩ ባለሙያዎች በያሉበት

ጉዳዩ፦ ከኪንታሮት ሕክምና በኋላ የሚሞላው የእርካታ መጠይቅ ሰዓቱ እንዲለወጥ ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። ስንፍና አይደለም፤ ሐፍረት ነው። ሰው ስለ ጥርሱ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ጨጓራው በየሄደበት ያወራል፤ ስለ ፊንጢጣው ግን ለገዛ ወንድሙም አይተነፍስ። እኔ መምህር ነኝ። ሐኪም ዘንድ በሄድኩ ቀን ለርእሰ መምህሩ የነገርኳቸው "ወገቤን አሞኛል" ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ባልደረቦቼ ባዩኝ ቁጥር ወገቤን ሲጠይቁኝ፣ እኔም ውሸቴ እንዳይነቃ ወገቤን እየደገፍኩ ስራመድ ሁለት ሳምንት አለፈ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ መድኃኒቱን ካገኙ በኋላም መደበቅ እንዳለ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ገባሁ። በግራ ጎኔ ተኝቼ ጉልበቶቼን ወደ ደረቴ ሰበሰብኩ። ዶክተሩ ትሑት፣ እጃቸውም ፈጣን ነበር። "ትንሽ ምቾት ይነሳዎታል እንጂ አያምም" አሉኝ። ቀዝቃዛ ቱቦ ገባ። የሆነ ነገር ቀጭ አለ፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቀጭ አለ። ኪንታሮቱ ደም አጥቶ እንዲወድቅ ሥሩ ላይ ሁለት ላስቲክ ታሰረልኝ። እውነታቸውን ነበር፤ አላመመኝም። ልብሴን አስተካክዬ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ነርሷ በፈገግታ ቅጽ ሰጡኝ። "በዛሬው አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል?" ይላል፤ ከ1 እስከ 5። "የተሰማዎት ሕመም ምን ያህል ነበር?" ይላል፤ ከ0 እስከ 10። ቆሜ ነው የሞላሁት። ለእርካታዬ 5፣ ለሕመሜ 1 ሰጠሁ። ቅጹንም እስክሪብቶውንም ለነርሷ መልሼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። 4 ሰዓት ተኩል እንኳ አልሞላም ነበር።

8 ሰዓት ሲሆን ሶፋ ላይ በሆዴ ተዘርግቼ የትራስ ጫፍ ነክሼ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ሕመም አይደለም፤ ሰገራዬ የመጣ መሰለኝ። ተነሥቼ ሽንት ቤት ገባሁ፤ ምንም የለም። ወጣሁ፤ አሁንም መጣ። ተመልሼ ገባሁ፤ አማጥኩ። ባማጥኩ ቁጥር ከውስጥ የሚጨመድደኝ ነገር ይብስበታል፤ በባሰ ቁጥር ደግሞ ሰገራዬ የመጣ ይመስለኛል። ሦስተኛው ላይ ዓይኔ ጨለመ፣ ጆሮዬ ጮኸ፣ ላብ አጠመቀኝ፤ ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ በሩን እያንኳኳች "ምን ሆንክ?" ስትለኝ "ደህና ነኝ" አልኳት። ለእሷም ቢሆን የነገርኳት ግማሹን ነበር።

የሚዋጥ ማስታገሻ አልታዘዘልኝም። ቤት ስፈልግ ከጥርስ ሕመም የተረፈ፣ ኮዴይን የተባለ ጠንካራ ማስታገሻ ያለበት ክኒን አገኘሁ፤ ዋጥኩት፤ ለጊዜው አስታገሰልኝ። ማታም ደገምኩ፤ በማግስቱም። ኮዴይን አንጀት እንደሚያደርቅ አላውቅም ነበር። በአራተኛው ቀን እንደ ድንጋይ የደረቀ ሰገራ ለማውጣት ያየሁትን አበሳ እዚህ አልተርከውም፤ የደረሰበት ያውቀዋል፣ ያልደረሰበትም አይድረስበት። በዘጠነኛው ቀን፣ ሁሉ ነገር አለፈ ብዬ ተማሪዎቼ ፊት ቀጥ ብዬ መቆም በጀመርኩበት ሰሞን፣ ሊነጋጋ ሲል ሽንት ቤቱ ውስጥ ደም አየሁ። ትኩስ፣ ደማቅ ደም። ያሰሩልኝ ነገር ተበጥሶ ደሜ ሊያልቅ ነው ብዬ እስኪነጋ ቁጭ ብዬ አደርኩ። የምደውልበት ቁጥር አልነበረኝም።

በዚያው ሳምንት፣ በእናንተ መዝገብ ውስጥ፣ እኔ ሕመሙ 1፣ እርካታው 5 የሆነ ታካሚ ነበርኩ።

ላሳጣችሁ አይደለም የምጽፈው። የክፍሉን ስም ያልጠቀስኩትም ለዚሁ ነው፤ የጠየቅኳቸው ሌሎች ሰዎች፣ በሌላ ቦታ የታከሙ፣ ያው ቅጽ በዚያው ሰዓት ተሰጥቷቸዋል። ዶክተሩ አልዋሹኝም፤ ነርሷም ክፉ አልነበሩም። ስህተቱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ተማሪ ፈተናው ክፍል ሳይገባ "ፈተናው እንዴት ነበር?" ብዬ ብጠይቀው "ቀላል ነው" ይለኛል፤ እኔም በዚያ መልስ የፈተናውን ክብደት ብመዝን መምህር አልባልም።

ካገገምኩ በኋላ ነገሩን ማንበብ ያዝኩ። የተማርኩትን ለእናንተ መንገር ውሃን ወደ ወንዝ መውሰድ ነው፤ ግን ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ የሚያነበው ታካሚም ስላለ፣ ላስታውሰው።

ኪንታሮት የሚባለው ከውጭ የመጣ ባዕድ ሥጋ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው በፊንጢጣው ቦይ ውስጥ በደም ሥር የተሞሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የሆኑ ለስላሳ ትራሶች አሉት፤ አየርና ፈሳሽ እንዳያመልጥ ደጁን የሚያጣብቁት እነሱ ናቸው። በማማጥ፣ በሆድ ድርቀት፣ በእርግዝና፣ በዕድሜም ማሰሪያቸው ሲላላ ያብጣሉ፣ ወደ ታች ይንሸራተታሉ፣ ይደማሉ። (በቋንቋችን ቆዳ ላይ የሚበቅለውንም ኪንታሮት እንለዋለን። ያኛው ቫይረስ የሚያመጣው፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው፤ ይሄኛው አይተላለፍም። ስማቸው አንድ በመሆኑ ብቻ ከቤተሰቡ ፎጣውን የለየ ሰው አውቃለሁ።) ሐኪሞች በአራት ደረጃ ይከፍሉታል፤ የሚደማ ብቻ፣ ወጥቶ ራሱ የሚመለስ፣ በእጅ ካልገፉት የማይመለስ፣ ጭራሽ የማይመለስ። የእኔ ሁለተኛው ነበር።

አሁን ወደ ሕመሙ። በፊንጢጣ ቦይ ውስጥ አንድ ድንበር አለ፤ የጥርስ መስመር ይሉታል፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ስለሆነ። ከድንበሩ በታች ያለው ቦታ እንደ ቆዳ ነው፤ መርፌ ቢነካው ይጮኻል። ከድንበሩ በላይ ያለው ግን እንደ አንጀት ነው፤ ቢቆርጡት፣ ቢቆነጥጡት አያውቅም፤ የሚያውቀው መወጠርን፣ መሞላትን፣ መጨምደድን ነው። ጄምስ ባረን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በ1963 ይህን ኪንታሮትን በላስቲክ የማሰር ዘዴ ሲያስፋፉ ታካሚ ሳይተኛ፣ ሳይደነዝዝ ታክሞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ያስቻለው ይህ ድንበር ነው። ላስቲኩ ከመስመሩ በላይ ከታሰረ የስለት ሕመም የለም። ታካሚው ገና አልጋው ላይ እያለ ስለት የወጋው ያህል ከጮኸ ላስቲኩ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ወዲያው መፈታት አለበት።

ስለዚህ "አያምም" የተባልኩት እውነት ነበር፤ ለአምስት ደቂቃ ያህል። ላስቲኩ ግን ሥራውን የሚጀምረው እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው። ደም የተከለከለው ሥጋ ያብጣል፤ ዙሪያው ይቆጣል፤ ጡንቻው ይኮማተራል። አንጀትም ያበጠውን እብጠት ሰገራ ይመስለዋል፤ "አስወጣ" እያለ ያዝዛል። ያ ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ያመላለሰኝ ትእዛዝ ይህ ነበር። ሰገራ አልነበረም፤ ላስቲኩ ነበር። አንድ ሰው "ዛሬ ከሰዓት ሰገራዎ የመጣ ይመስልዎታል፤ አይመኑት፣ አያምጡ" ቢለኝ ኖሮ ወለሉ ላይ አልቀመጥም ነበር። ይህቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር ለመናገር ሰባት ሰከንድ አይፈጅም። ለክቼዋለሁ።

ደሙም እንዲሁ። የታሰረው ሥጋ ሞቶ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ይወድቃል፤ ቦታው ላይ ትንሽ ቁስል ይቀራል፤ ያኔ መድማቱ የሚጠበቅ ነው። ጥቂት ደም፣ ለአንድ ሁለት ቀን። የሚያስፈራው ደሙ ሲያንዠቀዥቅ፣ ረግቶ እየጓጎለ ሲወጣ፣ ራስ ሲያዞር ነው። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ከመታሰራቸው በፊት መጠየቅ አለባቸው። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ደግነቱ አልወስድም። ላስቲኩ ከላቴክስ የተሠራ ከሆነም ላቴክስ የማይስማማው ሰው መኖሩን መጠየቅ የሕክምናው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደውን ደግሞ ያወቅኩት በመጨረሻ ነው። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም ግን ሰው ይገድላል፤ በታሰረው በኩል ኢንፌክሽን ወደ ዳሌ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ በየቀኑ መቅለል ሲገባው የሚብስ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት፣ ሽንት አልወጣ ማለት። ከእነዚህ አንዱን ያየ ሰው "ያልፍልኛል" ብሎ ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። እኔ ሕመሜን ትራስ እየነከስኩ ያሳለፍኩት "አያምም" ስለተባልኩ ነበር። የማያምም ነገር ሲያመኝ ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነበር፤ ፈሪ ሆኜ፣ ቻይ አለመሆኔ። እንግዲህ አስቡት፤ ያ ሕመም የደኅናው ሕመም ሳይሆን የክፉው ቢሆን ኖሮ፣ በዚያው ሐፍረት እችለው ነበር። "አያምም" የምትለው ማጽናኛ ሰውን ከሐኪም ታርቀዋለች። ዶክተሮች፣ እባካችሁ ተዉዋት። "አሁን አያምዎትም፤ ከሰዓት ያምዎታል፤ እስከ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ እየቀለለ ካልሄደ ይደውሉልኝ" በሉ። ሰው ፈርቶ የሚሸሽ ይመስላችኋል፤ የተነገረው ሕመም ግን ካልተነገረው ይልቅ ለመቻል ይቀላል። ይህን ከራሴ ነው የምናገረው፤ ማስረጃውም አለኝ።

ማስረጃዬ ሁለተኛው ዙር ነው። ሕክምናው ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አያልቅም፤ በሳምንታት ልዩነት ይደገማል። ከወር ከግማሽ በኋላ፣ ተገፋፍቼ፣ ሌላ ቦታ ሄድኩ። እኚህኛዋ ሐኪም ሴት ነበሩ፤ ንግግራቸው ቁጥብ ነው። ከመጀመራቸው በፊት በወረቀት ላይ ሥዕል ሥለው አሳዩኝ። "አንድ ብቻ ነው የማስረው፤ የሚበዛ ላስቲክ የሚበዛ ሕመም ነው" አሉኝ። "ተወው ካሉኝ እተወዋለሁ" አሉ። ከዚያም ልክ እንደ መርዶ ነጋሪ፣ ሳይቸኩሉ፣ ከሰዓት ምን እንደሚሰማኝ፣ በስንተኛው ቀን ደም እንደማይ፣ ምን እንደምውጥ ነገሩኝ። ፓራሲታሞል በሰዓቱ፣ ሕመሙን ሳይጠብቁ። ኮዴይንና ትራማዶል አይነኩ። ሰገራ ማለስለሻ ከዛሬ ማታ ጀምሮ። ውሃ። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ። ሽንት ቤት ላይ ከአምስት ደቂቃ በላይ አለመቀመጥ፤ ስልክ ይዞ አለመግባት። (ይህኛው ከሁሉ ከብዶኛል፤ እውነቱን ለመናገር።) ከታሰረልኝ በኋላም ወዲያው አላስነሡኝም፤ ሃያ ደቂቃ ተኛሁ። ራስ ማዞርና መድከም ብዙ ታካሚ ላይ ስለሚታይ፣ ደረጃ ላይ ከሚወድቁ እዚሁ ይውደቁ አሉኝ፤ ሳቅኩ።

ከሰዓት አመመኝ። ከመጀመሪያው ብዙም አላነሰም፤ በራሴ ቁጥር 6 ነበር፣ የመጀመሪያው 7። ግን አልደነገጥኩም። ሰገራዬ የመጣ ሲመስለኝ "አንተ ላስቲኩ ነህ" አልኩት። በማግስቱ 3 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ነርሷ ነበሩ። "እንዴት አደሩ? ሽንትዎ ወጣ? ትኩሳት አለ?" ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ያን ቀን ስለ እርካታዬ የጠየቀኝ ባይኖርም፣ ቢጠይቀኝ 5 እል ነበር፤ ይኸኛው ግን የምር 5 ነው።

ሕመሙ 7 ሆኖ የተናደደው ሰውም፣ ሕመሙ 6 ሆኖ የረካው ሰውም እኔው ነኝ። ሕመምና እርካታ በአንድ ገመድ የታሰሩ አይደሉም። ሕመሙን የሚወስነው በአብዛኛው ላስቲኩና የታሰረበት ቦታ ነው። እርካታውን የሚወስነው ግን የተነገረኝና የደረሰብኝ መገጣጠማቸው ነው፤ ደግሞም በሌሊት ብቻዬን አለመሆኔ። እናንተ ሁለቱን በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ደቂቃ፣ በአንድ እስክሪብቶ ስለምትጠይቁ አንድ ይመስሏችኋል።

የሰው ልጅ ሕመምን እንዴት እንደሚያስታውስ ያጠኑ ሰዎች አሉ። ዶናልድ ሬደልማየርና ዳንኤል ካነማን በ1996 ባሳተሙት ሥራ ትልቁ አንጀታቸው በመሣሪያ ሲታይ የነበሩ ሰዎች ሕመማቸውን በየደቂቃው እንዲነግሯቸው አደረጉ፤ በኋላም ጠቅላላው እንዴት እንደነበር ጠየቋቸው። ሰዎቹ ያስታወሱት ሕመሙ ጫፍ የደረሰበትን ቅጽበትና የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ነበር፤ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ብዙም አልቆጠሩትም። ይህን ሳነብ ስለ ራሴ ገባኝ። የእናንተ ቅጽ የሚጠይቀው ጫፉም መጨረሻውም ከመምጣቱ በፊት ነው። ለክፍላችሁ መጨረሻው እኔ በሩን የወጣሁበት ሰዓት ነው፤ ለእኔ ግን መጨረሻው ደሙ የቆመበት ዐሥራ አንደኛው ቀን ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለቂም ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለመጠይቅም ይሠራል።

ይሉኝታ የሚባል ነገርም አለ። ገና አሁን ገመናዬን ያዩ ሰው ቅጹን በእጃቸው ሰጥተውኝ፣ አጠገቤ ቆመው እየጠበቁኝ፣ "አልረካሁም" ብዬ ልጻፍ? እሳቸውን እንዳላሳፍር እፈራለሁ። ደግሞ ነገ ለክትትል የምመለሰው እሳቸው ዘንድ ነው። ቅጹ ስም ባይጠይቅም ወረቀቱን የሚቀበሉት እጆች ስም አላቸው። የሕመም ቁጥሩም እንዲሁ በይሉኝታ ይቀንሳል፤ ሐኪሙ ፊት "4" ያለ ሰው ቤቱ ገብቶ ለእናቱ "ገደለኝ" ይላል።

ጥያቄዬ ታዲያ ሕመሙ እንዲጠፋ አይደለም። ይህ እንዳይመስላችሁ። ያነሰ ሕመም ሁልጊዜ የተሻለ ሕክምና እንዳልሆነም አንብቤያለሁ። በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ የብሪታንያ ጥናት በላስቲክ ማሰርን፣ በማደንዘዣ ከሚደረገው የኪንታሮቱን ደም ሥር የመቋጠር ሕክምና ጋር አወዳድሮ ነበር። በማግስቱ የላስቲኮቹ አማካይ ሕመም 3.4፣ የሌሎቹ 4.6፤ በሰባተኛው ቀን 1.6 እና 3.1። እዚህ ላይ ቢቆም ላስቲኩ አሸነፈ። ከዓመት በኋላ ግን በላስቲክ ከታሰሩት 49 ከመቶ ችግሩ ተመልሶባቸዋል፤ ከሌሎቹ 30 ከመቶ። ልዩነቱ ላስቲኩ ሊደገም የሚችል ቀላል ነገር በመሆኑ ብዙ የሚጠብ ቢሆንም፣ ሰው መምረጥ ያለበት ይህን አውቆ ነው። ኪንታሮቱን ቆርጦ ማውጣት ደግሞ፣ ሚሊጋንና ሞርጋን የተባሉ ሐኪሞች በ1937 ለንደን ላይ ካስተዋወቁት ዘዴ ጀምሮ፣ ለሳምንታት የሚያሰቃይ ሆኖ ሳለ ችግሩ ተመልሶ እንዳይመጣ በማድረግ የሚስተካከለው የለም። ሥራውን ለአንድ ቀን እንኳ መተው የማይችል ሰውና ለዐሥር ዓመት የደማ ሰው አንድ ዓይነት ምርጫ አይመርጡም። እኔ ላስቲኩን እንደገና እመርጣለሁ። ግን መጀመሪያ ቀን የመረጥኩት እኔ አልነበርኩም፤ "ይሄ ቀላሉ ነው" ተብዬ ተመርጦልኝ ነው።

እናም የምለምናችሁ ይህን ነው። ኮሪደር ላይ የሚሰጠውን ቅጽ ተዉት፤ ወይም ስለ ወንበሩና ስለ ወረፋው ብቻ ይጠይቅ። የሕመሙን ጥያቄ በዚያው ቀን ማታ፣ በማግስቱ፣ በሳምንቱ ጠይቁ። ስልክ ይበቃል፤ አጭር መልእክት ይበቃል። ደዋዩ ያከመኝ ሰው ባይሆን ይሻላል። የእርካታውን ጥያቄ ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ እንደገና ደግሞ በዓመቱ ጠይቁ፤ "ረክተዋል?" ብላችሁ ብቻ ሳይሆን "የነገርንዎትና የደረሰብዎት ተገጣጥሟል?" ብላችሁ። "ወንድምዎን ወይም እኅትዎን ይልኩ ነበር?" ብትሉም ጥሩ ነው፤ ሰው ለራሱ የሚችለውን ለወንድሙ አይችልም። አንድ ገጽ ወረቀት በእጃችን ስጡን፤ በምናነበው ቋንቋ፣ ሰው ፊት ከኪሳችን ብናወጣው እንዳያሳፍረን በፖስታ። ወረቀቱ ላይ ሌሊት የሚነሣ ስልክ ይኑር። ማለስለሻውንና ማስታገሻውን ከሕክምናው በፊት እዘዙልን፤ ትራስ እየነከሰ ፋርማሲ የሚሄድ የለም።

ቁጥራችሁ እንደሚወርድ አውቃለሁ። ማታ የተጠየቀ ሰው ጠዋት እንደተጠየቀው አይመልስም፤ ኃላፊው ደግሞ በዓመቱ ሪፖርት ላይ የወረደ ግራፍ ማየት አይወድም። የክፍሌን ፈተና ባከበድኩበት ዓመት የተማሪዎቼ አማካይ ወርዶብኝ ተጠርቼ ነበርና ስሜቱን አውቀዋለሁ። ግን ያን ዓመት ነው ማን ምን እንዳልገባው ያወቅኩት።

ለእናንተ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ደም አይታችሁ ለማንም ላልነገራችሁ፣ አንድ ነገር ልበል። ደም ሁሉ ኪንታሮት አይደለም። የአንጀት ካንሰርም ይደማል፤ የፊንጢጣ ስንጥቅም ይደማል። በተለይ ዕድሜው ከ45 ያለፈ፣ የሰገራው አወጣጥ የተለወጠበት፣ ሳያስበው የከሳ፣ ከዘመዶቹ አንዱን የአንጀት ካንሰር የያዘበት ሰው "ኪንታሮት ነው" ብሎ በራሱ አይፍረድ። ሐኪሙ የሚያየው በየቀኑ የሚያየውን ነው፤ ከእኔና ከእናንተ በቀር የሚያፍር የለም። አሰር ያለበት ምግብ በደንብ መብላትም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ሰዎች መድማቱን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አግኝተዋል። አንዳንዱ ላስቲክም አያስፈልገው ይሆናል።

በመጨረሻ አንድ የግል ጥያቄ አለኝ። ያን ቀን ጠዋት ኮሪደሩ ላይ የሞላሁትን ቅጽ እንድትሰርዙልኝ እጠይቃለሁ። በእሱ ፋንታ ይህን መዝግቡልኝ፦

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል፣ ሕመም 1። ከቀኑ 8 ሰዓት፣ 7። ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ 6። በማግስቱ፣ 4። በአራተኛው ቀን ሽንት ቤት ላይ፣ 9፤ ይህኛው የላስቲኩ ሳይሆን የኮዴይኑ ነው። በሰባተኛው ቀን፣ 1። በዘጠነኛው ቀን፣ 0፣ ግን ደም። በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ 0። ከሰባት ወር በኋላ፣ ዛሬ፣ ሕመም የለም፣ ደም የለም።

እርካታ፦ ለእጃቸው 5፣ ለቃላቸው 2።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
ወገቡን አሞት የማያውቅ አንድ መምህር